ወደ ሚስ ኤቭሊን አያቶች መቃብር የሄድን ጊዜ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ የዕድራችን ሴቶች ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ ስለ ፎቁና ስለ መንገዱ ነው። እኔ ፎቅ አልቆጠርኩም። አምስት ሳምንት ቆይቼ ይዤ የመጣሁት የጥቂት ሰዎችን ነገር ነው፤ እሱም ቆሞ የሚወራ አይደለም። ስለዚህ ያየሁትን እንዳየሁት፣ ቀኑን በቀኑ ጻፍኩት። መሄድ የማይገጥማችሁ በእኔ እግር ሄዳችሁ ተመለሱ።

እኔ ባሕር ዳር የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ታናሽ እህቴ ሙሉነሽ ከዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ከባሏ ከተፈራና ከልጃቸው ከቤዛ ጋር ትኖራለች። አሥራ አራት ዓመት በስልክ ብቻ ስንገናኝ ቆይተን በ2004 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ቪዛው ተሳካልኝ።

የተነሣሁት ሐሙስ ነው። ጠዋት ከባሕር ዳር፣ ማታ ከአዲስ አበባ። አውሮፕላኑ ሮም ላይ ነዳጅ ሲቀዳ ከወንበራችን አልተነሣንም። አጠገቤ የተቀመጡት፣ ውድብሪጅ ያለች ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ እናት ግን «ሮምን አይቻለሁ ብዬ እናገራለሁ» እያሉ በመስኮቱ ጨለማውን ያዩ ነበር። ዓርብ ጠዋት ደረስን። ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ የኮሰረቱን ከረጢት አነሣና አሸተተው። ሦስት ጊዜ አነጠሰ። በአማርኛ «ይማርህ» አልኩት። ምን እንደገባው አላውቅም፣ ከረጢቱን መልሶ አስሮ ሰጠኝ።

ተፈራ በመኪና ሲወስደኝ መጀመሪያ የገረመኝ ሣሩ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በየቤቱ ደጃፍ ሣር። በግንቦት እኛ ዘንድ ከብቱ አፈር ሲልስ እዚያ ሣሩን በማሽን አጭደው ይጥሉታል።

«ከብቱስ የት አለ?» አልኩት።

«እትዬ፣ እዚህ ሣር የሚያድገው ሊታጨድ ነው» አለኝ።

ቤዛ አልጋዋን ለቀቀችልኝና ሳሎን ተኛች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ በአማርኛ ስጠይቃት እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ሙሉ መሀል ሆና ታዳርሳለች። ዶሮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ ሁሉ ቀርቦ ጠበቀኝ። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ዓርብ ቢሆንም ጾም የለም፤ እህቴ ጴንጤ ከሆነች ብዙ ዘመኗ ነው፣ የእኔን ቀን ግን ቆጥራልኝ ነበር።

ቅዳሜ ሁሉም ሥራ ሲገቡ ብቻዬን ዞር ዞር ልበል ብዬ ወጣሁ። ጉዱ መመለሱ ላይ ነው። እነሙሉ የሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ስምንት ሕንፃ አለ፤ ስምንቱም ቀይ ጡብ፣ ስምንቱም አንድ ዓይነት በር። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ቁልፌን ባስገባ አልዞር አለ። ስታገል በሩ ከውስጥ ተከፈተና ጸጉሯን በፎጣ የጠቀለለች ሴት ብቅ አለች። ሌባ መሰልኳት ብዬ ቁልፌን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። እሷ ቁልፌን አየት፣ እኔን አየት አደረገችና ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። የኤልሳልቫዶር ሰው እንደሆነች ሙሉ በኋላ ነገረችኝ። እኔ ስፓኒሽ አላውቅ፣ እሷ አማርኛ አታውቅ። ውሃ በብርጭቆ ሰጠችኝ፣ ባቄላ የተሞላ ትኩስ ቂጣ አበላችኝ፣ ከዚያ በነጠላ ጫማዋ ወርዳ ከሕንፃ ሕንፃ አብራኝ ዞረች። አራተኛው ላይ ቁልፉ ዞረ። እኔ ስስማት እሷ ትስቃለች።

እሑድን በጸሎት ቤታቸውና በዘመድ ጥየቃ አሳለፍነው። ሰኞ ሙሉ ወደ ሥራዋ ይዛኝ ሄደች። ሥራዋ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው፤ «ሆም ኬር» ይሉታል። ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ሚስ ኤቭሊን የሚባሉ አሮጊት ቤት ትውላለች።

«ኮል አድርገውኝ ‹እህትሽን አምጪልኝ፣ ልያት› አሉኝ» አለችኝ። «እትዬ፣ ደግሞ ‹ቀይ ሕንድ› እንዳትያቸው። ፒስካታዌ ነው ሕዝባቸው። እነዚህ ከተሞች ሳይኖሩ፣ ወንዙ ዳር የነበሩት እነሱ ናቸው።»

ከተሞቹን እንደ መቀነት የሚዞር መንገድ አለ፤ በእሱ ሄደን በትልቅ ድልድይ ወንዙን ተሻገርን። ፖቶማክ ነው ስሙ። ስፋቱን ሳይ፣ ዓባይን ከሐይቁ ሲወጣ የሚያውቀው ዓይኔ ወንዝ መሆኑን አላምን አለ።

እኔ በሲኒማ ያየሁትን ላባ የሰካ ፈረሰኛ ነበር የጠበቅሁት። የተቀበሉን ግን የእኛን ደብር አሮጊቶች የሚመስሉ፣ ጠይም፣ ሽበታቸውን ባንድ ጉንጉን የሠሩ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ ሴት ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አንድ እግራቸውን ስኳር በሽታ ወስዶታል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከትልቅ ሐይቅ ዳር አልኳቸው።

«ከእናንተ በፊት ሐይቁ ዳር ማን ነበር?» አሉኝ።

የአገራቸው ወግ ነው መሰለኝ፣ እኛ «ከብቱ፣ አዝመራው እንዴት ነው?» እንደምንለው። እኔ ግን ምላሴ ቀደመኝና «እኛው ነን» አልኳቸው። ሙሉ ስትተረጉም ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

ምሳ ላይ ስለ ራሳቸው አወጉኝ። አባታቸው ሲወለዱ የመዝገብ ሹሙ በልደት ወረቀታቸው ላይ «ሕንድ» ብሎ አልጻፈም። «ነጭ ካልሆነ ጥቁር ነው፣ ሕንድ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ብሎ «ጥቁር» ነው የጻፈባቸው። አባትየው እስኪሞቱ ያንን ወረቀት አልተቀበሉትም፤ በየዓመቱ ጸደይ ሲመጣ ልጆቻቸውን ይዘው ከወንዙ ማዶ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለው የአያቶቻቸው መቃብር ሄደው ሣሩን ይነቅሉ ነበር። መቃብሩ ያለው የአንድ ነጭ ገበሬ እርሻ ውስጥ ነው። ሚስ ኤቭሊን ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ገበሬው ውሻ አስከትሎ በእርሻው በር ላይ ቆመና «ከዛሬ ወዲያ እንዳላያችሁ» አለ። በሩ ላይ ሰንሰለት አሠረ። ከዚያ በኋላ የረገጠው የለም።

እኔ በሄድኩበት ዓመት ጥር ላይ የሜሪላንድ ስቴት ፒስካታዌዎች ነባር ሕዝብ መሆናቸውን አምኖ ፈርሞላቸው ነበር። ዜናው ከወጣ በኋላ የገበሬው ልጅ፣ አሁን እሱም ሽማግሌ ሆኗል፣ ለሚስ ኤቭሊን ደብዳቤ ጻፈ፦ ‹በሩን እከፍታለሁ፤ በፈለጉ ቀን ይምጡ›።

«አራት ጊዜ አንብቤላቸዋለሁ» አለችኝ ሙሉ። «መልሰው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል።»

«ስድሳ ሰባት ዓመት ዘግቶ ለምን አሁን?» አሉ ሚስ ኤቭሊን። «ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው?»

ማክሰኞ ቤት ዋልኩ። ከሕንፃው ጀርባ ትንሽ ጅረት አለች፤ ዳሯን ይዤ ስሄድ ስመለስ ነው የዋልኩት። ቤዛ ከትምህርት ቤት መጥታ አገኘችኝና ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ «አሞሻል?» አለችኝ። አላመመኝም። ከአፌ የወጣው ውሸት ነው የከነከነኝ። ረቡዕ ጠዋት ሙሉን «እኔም እሄዳለሁ፣ ለሚስ ኤቭሊን የምነግራቸው አለኝ» አልኳት።

እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው። ሐይቁ ዳር ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች አሉ። ነገደ ወይጦ ይባላሉ። በደንገል ታንኳ ይሠራሉ፣ ሐይቁን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። እኛ ጉማሬ በሊታ እያልን እንጸየፋቸዋለን፤ ከእነሱ አንጋባም፣ ዕቃችንን አናስነካቸውም። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ ሐይቁ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ክሊኒክ ተመድቤ ስሠራ፣ በክረምት አንዲት ምጥ የያዛት የወይጦ ሴት በታንኳ አመጡ።

ሙሉ እስከዚህ ተረጎመችና ዞራ አየችኝ። «እትዬ፣ የምን ታሪክ ነው? ነግረሽኝ አታውቂም።»

«በይ፣ ንገሪያቸው» አልኳት።

ክሊኒኩ ውስጥ ሁለት ባዶ አልጋ ነበር። የተኙት ሴቶች «እሷ ከገባች እኛ እንወጣለን» አሉ። እኔ ኃላፊ ነኝ፤ ‹ውጡ› ማለት እችል ነበር። በረንዳው ላይ ጆንያ አነጠፍኩላት። ዝናቡ እየገባባት እዚያው ወለደች። ውሃ በቆርቆሮ ሰጠኋት፤ ጠጥታ ስትመልስልኝ ዓይኗ እያየ ቆርቆሮውን ወረወርኩት። መዝገቡ ላይ ስም በሚለው ቦታ «አንዲት ወይጦ» ብዬ ጻፍኩ። ስሟን አልጠየቅኋትም።

«ይሄን አልልም» አለች ሙሉ። እንባዋ መጥቶ ነበር። «ስምሽን አጠፋለሁ እንዴ?»

«እኔ የእሷን አጥፍቻለሁ። በይ።»

ተረጎመችው። እኔም ጨመርኩ፦ «ሰውየው ‹ለምን አሁን?› ላሉት፣ የእሱን አላውቅም። እኔ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ልሄድ ሳስብ ኖሬያለሁ። ያልሄድኩት ‹ምን ፈልጋ ነው?› ይሉኛል ብዬ ነው። ምንም አልፈልግም ብል ደግሞ ውሸት ነው። እንዲቀለኝ እፈልጋለሁ።»

ሚስ ኤቭሊን ጣታቸውን ለሙሉ ዘረጉ። ሙሉ የስኳራቸውን መለኪያ አምጥታ ወግታ ጨረሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ለእኔ ነገርሽኝ» አሉ። «እኔ ግን እሷ አይደለሁም።» ለሙሉ ደግሞ «ቅዳሜ መኪናሽ ደህና ነው?» አሏት።

መኪናዋ ደህና አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ወንበራቸውን አጥፈን ከኋላ ጭነን፣ ድልድዩን ወደ ሜሪላንድ ተሻግረን ወደ ደቡብ የሚወርደውን መንገድ ያዝን። የመንገዱ ስም ራሱ ኢንድያን ሄድ፣ የሕንድ ራስ ማለት ነው። «በስማችን መንገዱን ሠይመው እኛን የሉም አሉን» እያሉ ሚስ ኤቭሊን ሲያወሩ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ሙሉ ዳር ይዛ ቆመች። የተለዋጭ ጎማ አገልግሎት ጋ ደውላ «ሰዓት ተኩል ይፈጃል አሉኝ» አለች። መኪናው እያለፈ ሲሄድ የእኛ እንደ ታንኳ ይወዛወዛል። ፀሐዩ ጠንክሯል። እኛ አገር ቢሆን እስካሁን አሥር ሰው ከቦን አምስቱ ጎማ ሲፈታ አምስቱ ያዝ ነበር፤ እዚያ የሚቆም የለም።

ሚስ ኤቭሊን ቦርሳቸውን ከፍተው ደብዳቤውን አወጡ። «ስልኩ ከታች አለ» አሉ። «ደውይለት።»

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ሰውየው አሮጌ ፒክአፑን እየነዳ መጣ። ስሙ ዋልተር ነው፤ ቀጭን፣ ቀይ አንገት ያለው፣ የክት ሸሚዙን የለበሰ ሽማግሌ። አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለንና ወዲያው አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ጎማውን ይፈታ ጀመር። ሚስ ኤቭሊን መስኮቱን አውርደው ከላይ ያዩታል።

«ዋልተር ነህ?» አሉት።

«አዎ፣ እሜቴ።»

«አባትህን ትመስላለህ።»

ብሎኑን እያዞረ «ሁሉም እንደዚያ ይለኛል» አለ። ጎማውን እስኪጨርስ ሌላ የተነጋገሩት የለም። ሲነሣ የሱሪው ጉልበት ጠቁሮ ነበር።

እሱን ተከትለን እርሻው ደረስን። በሩ የብረት ነው፤ ሰንሰለቱ ዝጎ ተንጠልጥሏል። ከበሩ እስከ ዛፎቹ ድረስ ለወንበሩ እንዲመች ሣሩን አጭዶ መንገድ አውጥቶላቸዋል። ሙሉ ሚስ ኤቭሊንን ወንበራቸው ላይ አስቀመጠቻቸው። ዋልተር ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

«የእርስዎ ነው» አላቸው። «ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎት። የዚያን ቀን የውሻውን ገመድ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ ሚስ ኤቭሊን። «ገመዱን አለቀቅኸውም። እሱንም አውቃለሁ።»

ሰውየው ቁልፉን ይበልጥ አስጠጋላቸው። ሚስ ኤቭሊን ቁልፉን አልተቀበሉትም። «በቁልፍ የሚገባ እንግዳ ነው» አሉ። «የልጅ ልጆቼ ቁልፍ ፍለጋ እኔ ቤት እንዲመጡ አልፈልግም። በሩን አውርደው።»

ዋልተር ቁልፉን አየ፣ በሩን አየ። ከዚያ ሄዶ ሰንሰለቱን ፈታ፤ ማጠፊያውን በመዶሻ ከታች ወደ ላይ መታ መታ አደረገው። ብቻውን ግን አልቻለውም። እኔና ሙሉ ሄደን ያዝንለት። ሦስታችን «አንድ፣ ሁለት» ብለን ስናነሣው ከማጠፊያው ወጣና ሣሩ ላይ አጋደምነው። መዳፌ በዝገት ቀላ። ሥራ ሠራሁ ብዬ ደስ ያለኝ ከጡረታ ወዲህ ያን ቀን ነው።

መቃብሩ ሐውልት የለውም። ከዛፎቹ ሥር የተተከሉ፣ ጽሑፍ የሌለባቸው ድንጋዮች ናቸው፤ ከማዶ ወንዙ ይታያል። ሚስ ኤቭሊን ከቦርሳቸው ትንባሆ አውጥተው፣ እኛ ዕጣን እንደምናጥነው፣ በየድንጋዩ እየነሰነሱ ስም ጠሩ። አንዱም አልጠፋቸውም። መጨረሻ ላይ፣ እዚያ ባይቀበሩም፣ የአባታቸውን ስም ጠርተው «ፒስካታዌ» አሉ። ከዚያ አለቀሱ፤ ሙሉም አብራ አለቀሰች። ዋልተር ኮፍያውን ይዞ ርቆ ቆሞ ነበር። እንዲቀርብ በእጃቸው ጠሩት።

ቤቱ ወስዶ ምሳ ጋበዘን። ሚስቱ ስለሞተች ብቻውን ነው ያሰናዳው፤ የቀረበው የአሳማ ሥጋ ነው። እኔ እንደማልበላ ሙሉ በቀስታ ስትነግረው ሰውየው ከበሩ ነገር የባሰ ደነገጠ። ተነሥቶ አምስት እንቁላል ጠበሰልኝ። አምስቱን እንዴት ልብላ? ሦስቱን በላሁ፣ ሁለቱን ሚስ ኤቭሊን ተጋሩኝ፣ ከአንድ ሳህን።

ሁሉም ነገር አልቋል እንዳትሉ። መሬቱ ዛሬም በዋልተር ስም ነው። «ወንዶች ልጆቼ ሊሸጡት ይፈልጋሉ፤ ከእኔ በኋላ በሩ ክፍት እንዲሆን በወረቀት አስጽፋለሁ» አለ። ሚስ ኤቭሊን «ወረቀቱን ሳየው አምናለሁ፤ ከወረቀት ጋር ብዙ እንተዋወቃለን» አሉት። አልተቆጣም። እየተመለስን «ስድሳ ሰባት ዓመት ጠብቄ አንድ በር ወረደልኝ» አሉ ሚስ ኤቭሊን። «ትንሽ ነው። ግን ገብቼበታለሁ።»

የቀሩት ሳምንቶች ቶሎ አለቁ። በሦስተኛው ሳምንት የሚስ ኤቭሊን የልጅ ልጆች ከበልትስቪል መጥተው ወደ መቃብሩ ወስደዋቸው ነበር፤ ዋልተር ወረቀቱን ጠበቃ ጋ እንደሰጠ አሳያቸው። ስሰናበታቸው ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙና «ስታገኚያት ለእህትሽ ንገሪያት፣ እሷ ትነግረኛለች» አሉኝ። ‹ካገኘሻት› አላሉም። ሙሉ ኤርፖርት ድረስ እጄን አልለቀቀችም። «እኔም ልጅ ሆኜ የወይጦዎቹን ዕቃ አልነካም ብያለሁ እኮ፣ እትዬ» አለችኝ።

ባሕር ዳር በገባሁ በሳምንቱ፣ ክረምቱ ጀምሮ ነበር፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደዚያች ከተማ ሄድኩ። ክሊኒኩ ዛሬ ትልቅ ጤና ጣቢያ ሆኗል። በጭቃው ወርጄ ሐይቁ ዳር ወዳለው መንደር ደረስኩ። ደንገል የምታሰናዳ አንዲት ሴት አግኝቼ «በጥንቱ ክሊኒክ በረንዳ ላይ የወለዱ እናት እፈልጋለሁ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና «የትኛዋን?» አለችኝ።

ሦስት ነበሩ። እኔ አንዷን ብቻ ነበር የማውቀው፤ ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም በረንዳው አልጋቸው ነበር። አንደኛዋ ሞተዋል፣ ሌላዋ ልጃቸው ጋ ሄደዋል። ሴትዮዋ በቅርብ ወዳሉት ወሰደችኝ። ዘሀራ ይባላሉ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሰፌድ ይሰፋሉ።

«እንደምን ዋሉ?» አልኳቸው።

ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። አንቱ ያልኩት ሌላ ሰው መስሏቸው ነበር።

ማን እንደሆንኩና ምን እንዳደረግሁ ሳልቀንስ ነገርኳቸው። እጃቸው መስፋቱን አላቆመም። ስጨርስ «ዝናብ ነበር። የእኔ ሴት ልጅ ነበረች፤ ዛሬ የአራት ልጆች እናት ናት» አሉ። «አንቺ ትሁኚ ሌላ ነርስ ግን አላውቅም። ያን ጊዜ ፊታችሁን ቀና ብለን አናይም።»

«ዛሬ ይዩኝ» አልኳቸው።

ሰፌዱን አስቀመጡ። «ዓይኔ ደክሟል» አሉ። «ቀረብ በይ።»

ተጠጋሁና አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።